ከመቶ ስንት

በአፉላ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ጊልቦዓን በመስኮት ከሩቅ በሚያሳይ
ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ሴቶች መሀል
ወንበሬን ስቤአለሁ፤ እንጀራዬ የሰው ቃል።

ዶክተር ሪማ «እቆርጣለሁ» ስትል፣ «እቆርጣለሁ» እላለሁ፤
ወይዘሮ ዝማም «ፈራሁ» ስትል፣ ፈሪዋ እኔ እሆናለሁ።
በሰው «እኔ» ተናግሮ፣ በሰው «እኔ» ውሎ
ማታ ቤት መግባት ነው፣ የራስን አንጠልጥሎ።

ወረቀቱ ስድስት ገጽ፤ ፊርማ ይጠብቃል።
«ከመቶ ሴት አምስቷ ቁስሏ ያመረቅዛል፤
ስኳር ላለባት፣ እንዳንቺ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል።
ጨረር ያገኘው ገላ እንደ ሌላው አይሽርም፤
የሚገባውም ሲሊኮን ሁልጊዜ አይሰምርም፦
ይጠጥራል፣ ይዞራል፤ ዙሪያው ውሃ ይቋጥራል፤
አንዳንዴም ተመልሶ መክፈት ግድ ይላል።»

ዝማም አውራ ጣቷን በጣቶቿ ላይ አስኬደች።
«አምስቷን ሰማሁ፤ እኔስ ስንተኛዋ ነኝ?» አለች።
ተረጎምኩ። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች፤
ለዚህ ቁጥር የለም። መስኮቱን አየች።

ከዚያ መጣ ያ ቃል። «ጡት ላይ የሚቀረው
ቆዳ ደም ካጣ ይሞታል፤ ቆርጠን ነው የምናወጣው።»
አፌ ውስጥ አገላበጥኩት፣ እንደ ትኩስ ድንች፤
«ሊደክም ይችላል» አልኩ። ዝማም ፈረመች።

በቀዶው ማለዳ፣ ደረቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ
መስመር ተሰምሮበት፣ እንደ ይዞታ መሬት ተለክቶ፣
«ቀያሽ መጣብኝ» ብላ ሳቀች፤ ነርሷ ግራ ገባት።
«ቀያሽ»ን በዕብራይስጥ ፈልጌ አጣሁላት።

አስራ ሁለተኛው ቀን ላይ ጠርዙ ጠቆረ፣
እንደ ተረሳ የሙዝ ልጣጭ፤ ትኩሳት ጨመረ።
የመጽሐፉ ተራራ፣ «ጠል አይውረድብህ» የተባለው፣
ከመስኮቱ ወዲያ ነው፤ እሷ የምታየው
ከጎኗ የወጣውን ቱቦ፣ ጠርሙሱ የያዘውን፣
ነርሷ በየማለዳው የምትለካውን።
በደረቷ የገባው በሳምንቱ ወጣ፤
«አልያዘልኝም፣» አለች፣ ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ።

አልጋዋ ግርጌ ቆምኩ፣ የሰረቅኩትን ቃል ልነግር።
«ተይው፣ ልጄ፣» አለች። «ሰላሳ ዓመት በዚህ አገር
የኪራይ ደብዳቤ፣ የግብሩ፣ ዛሬም አይገባኝም፤
ሞት ግን በነሱም ሞት ነው፤ አስተርጓሚ አላሻኝም።
ሰምቻት ነበር ያኔ። አንቺ ስታለሳልሽ
እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሳዘነኝ ፍርሃትሽ።
ገበናሽን ሸፍኜ ነው የፈረምኩት።»
ምን ብዬ ልተርጉመው፣ ለማንስ? ዝም አልኩት።

ጥቅምት ላይ አገኘኋት፣ ከገበያው ዳር፤
ቀሚሷ ሞላ ብሏል፣ ግራው ከቀኙ ጋር።
«ንኪው፣» አለች፤ ስነካው ጨርቁ ተንኮሻኮሸ፤
አንድ አላፊ አግዳሚ አይቶን ፊቱን አዞረ፣ ሸሸ።
የአፉላ ሱፍ ነው፣ ከነልጣጩ፣ ተቆልቶ፣ ተመዝኖ፣
ከቀኙ ጡት ጋራ በሚዛን እኩል ሆኖ።
«ይሄኛው ቢበላሽ፣» አለች፣ «ዳግመኛ እሞላለሁ፤
አውቶቡስ ሲዘገይብኝም ከጎኑ እቆረጥማለሁ።»