ገዛን

በሂዩማ ደሴት፣ በኅዳር አጋማሽ፣
መብራት እያበራን ቀኑ ባሥር ሲመሽ፣
ከጀልባ ቲኬት ቤት፣ ከሁለተኛው ፎቅ
ሦስት ውል ዘርግተን ስንስቅ ስንጨነቅ።

ያ አሮጌ ሰርቨር፣ ስሙ አገልጋይ ነው፣
ዓርብ ማታ ወድቆ ሰኞ ነው የነቃው።
ሰባ መኪና ሙሉ ወደብ ላይ ገትሮ
"ይቅርታ" ብቻ አለ ፊቱን አጥቁሮ፤
ደግሞ ከሥር በኩል፦ "ቆይተው ይሞክሩ"።
ምን ቆይቶ ይሞክር፣ ካልቆየለት ባሕሩ?

ታአቪ መጣ ከታሊን፤ ሻጭ ነው፣ ጫማው ያበራል፤
ማዕበል አናውጦት ፊቱ አመድ ይመስላል፤
አፉ ግን ደኅና ነው፦
"ሦስቱም አንድ ናቸው፣ አንጀታቸው አንድ፤
እትሙ ነው እንጂ የሚለየው መንገድ።
ይህኛው ነፃ ነው፣ ማንም ያወርደዋል፤
ሲወድቅ ግን፣ ጌታው፣ ማን ያነሣዋል?
መካከለኛው ደግሞ ቀን ቀን ይታዘዛል፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዘጋዋል።
ሦስተኛው… ሦስተኛው ከቶ አይተኛም፤
ሌሊት ብትደውሉ 'ነገ' አይላችሁም።
ዋጋው እንደ አንጎል ነው፣ በማሽኑ ቁጥር።
ስንት አንጎል አላችሁ እዚህ ጣሪያ ሥር?"

ማይሙ አለቃችን ቀና ብላ አየችን፣
መነጽሯን አውልቃ አንድ በአንድ ቆጠረችን፣
እኔና ሌምቢትን። "አንድ ተኩል" አለችን።

ሌምቢት ቆብ ደፍቶ ነው እስካሁን ዝም ያለ፤
መልሕቅ እንደሚስብ ቀስ ብሎ ቀጠለ፦
"ያለንም ነፃ ነው። መጋቢት ላይ ታሞ
ጻፍኩ ለማላውቀው፣ ሌሊት ነበር ደግሞ፤
ሊነጋጋ ሲል ነው መልስ የመጣልኝ፣
'አርባኛው መስመር ላይ ሰረዝ ጎድሏል' ያለኝ።
በጭስ ያደረቅሁት ዓሣ ልላክ ብለው፣
'አልበላም፣ ወዳጄ፤ ይልቅ ተኛ' አለኝ ያ ሰው።"

"ያ ሰው ባይነቃስ?" ማይሙ ጠየቀች።
ጥያቄዋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ዓምድ ነው ሃይማኖቴ።
ለነፃው ዜሮ ጻፍኩ፣ ረክቶልኝ አንጀቴ፤
ግን የሌምቢት ሌሊት የት ዓምድ ይገባል?
አሥራ ዘጠኝ ሌሊት።
ደግሜ ብቆጥርም አሥራ ዘጠኝ ይሆናል።
ሚስቱ በስልክ "እንግዲህ እዚያው እደር" ያለችው፣
የልጁ ልደት ለት ኬኩን በፎቶ ያየው።
ነፃ ያልነው ሁሉ ከፋይ ነበረው ለካ፣
ቆቡን እንደ ደፋ፣ ደረሰኝ ሳይነካ።

ፈረምን። ሦስተኛውን።
ታአቪ ብዕሩን ትቶልን ጀልባው ላይ ሮጠ።
ከውሉ ግርጌ ላይ ፊደሉ ቀጠነ፤
በየዓመቱ ማደስ፣ በየዓመቱ ጭማሪ፣
መግቢያው ሰፊ በር ነው፣ መውጫው ቀዳዳ መሳሪ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት መስኮቱ በርቶ አየሁ።
ሌምቢት ነው፤ ከማሽኑ ጎን ወንበር ስቦ።
"ነፃ ወጥተሃል እኮ! ቁጥሩ አለ፣ ደውል" አልኩት።
"አልታመመም" አለኝ፣ "መተኛቱን ልየው ብዬ ነው።"

ወርጄ መዝገቤን ከፈትኩ፤ አንዲት ቃል አሰፈርኩ፦
ገዛን።
ደግሜ ሳነባት ተገለበጠችብኝ።
ሰረዝኳት።
ሌላ ቃል አጣሁና መልሼ ጻፍኳት።