ሁለቱ ማስረሻ

ሁለት መዝገብ ሰጡኝ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣
አንዱ በእርሳስ የተጻፈ፣ ውሃ ጠጥቶ የነበር፣
አንዱ አምና የተተየበ።
«አዋሕጂና» አሉኝ፣ «ስም እንዳይኖር የተደረበ፤
መረብ ለአንድ ሰው አንድ፤
ሁለቴ የሚወስድ ካለ ፈልጊው፤ ይወገድ።»

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጀመርኩት በጣቴ፣
አንዱን ስም ከሁሉ ጋር፤ አለቀ ሰዓቴ።
አራት መቶ በአራት መቶ ሲባዛ፣
በመስኮት የሚገባው የአምባዛ
ሽታ እንኳ ደከመው።
በሀ ሁ ብደረድርስ? ተመሳሳይ ጎን ለጎን ይውላል፤
እሱም ግን እስኪደረደር ሻማዬ ያልቃል።

ሲነጋ መብራት መጣ። ባዶ ስብስብ ከፈትኩ፣
የመጣውን ስም ሁሉ «አይቼሃለሁ?» አልኩ።
ካላየሁት ይግባ፣ ካየሁት ይቁም፤
ስብስብ እንደ ጀልባ ትኬት ቆራጭ ነው፣
አንዱን ሰው ሁለቴ አያሳፍርም።

ዓይኔን ሳልጠቅስ ጨረሰ። አንድ ብቻ አገኘ።
አሥራ ሰባተኛው፦ ማስረሻ ቢያድግልኝ ውበቴ።
ሦስት መቶ ስድስተኛው፦ ማስረሻ ቢያድግልኝ ውበቴ።
አባት ያው፣ አያት ያው፣ ሽምብጥ ያው።
«እውነት» ብሎ መለሰ ፕሮግራሙ፤ ከዚያ በላይ እውነት አያውቅ እሱ፣
ተደግሟል ወይ አልተደገመም ነው መልሱ።

ላጠፋ ጣቴን ሳነሳ አባትየው ከደጅ ቆመ፣
እርጥብ ነው እስከ ጉልበቱ፣ እግሩ ላይ እምቦጭ የተጠመጠመ።
«የትኛውን ነው?»
«ኋለኛውን፣ አባቴ። ደንቡ ቀድሞ የገባ ይቀራል ይላል።»
«ቀርቷል እንጂ» አለ። «ቀድሞ የገባው ቀርቷል።
ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ ታንኳዋ ብቻዋን መጣች፤
እናቱ ያን ጊዜ ሌላ በሆዷ ይዛ ነበረች።
ለተወለደው ያንኑ ስም መልሰን ሰጠን፣
ስሙማ አልሰጠመ ብለን።
ያስረሳናል አልን። ማን ያስረሳ።»

እሴታቸው እኩል ነው። አድራሻቸው ግን
አንዱ ሽምብጥ፣ አንዱ ከውሃው ሥር፤
ፊደል ከፊደል ሳጋጥም ያላየሁት ይህ ነበር።

አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፣ መለያ ቁጥር። ለኋለኛው ሞላሁ።
ለፊተኛው ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ስትል ብዙ ቆየሁ።
ከመስኮቱ ማዶ እምቦጩ ራሱን ይገለብጣል፣ ይደግማል፣
«አይቼሃለሁ?» የሚለው ሳይኖር ሐይቁን ይከድናል።

«መረቡ ግን አንድ ነው» አልኩት፣ ቀና ሳልል።
ሱሪውን ጨመቀ፤ ውሃው በሲሚንቶው ላይ ሄደ።
«አንድ ይበቃቸዋል።»