ውሃው ሲመሰክር

ከደጀን ቁልቁለት፣ ከጠመዝማዛው ስር፣
የተቃጠለ ፍሬን ከሚሸትበት ዳር፣
ስሙን ካርታ ያጣ አንድ ጅረት ነበር።
ከብቱ ይወደዋል፣ ይልሳል ዳር ዳሩን፣
እኛም ለሱ ትተን ያን ውሃ መራሩን።

ድልድይ ሥራ ብለው ቀበሌ ሲጠሩኝ፣
ውሃው ምን እንደሆን አንድም አልነገሩኝ።
እኔም አልጠየቅሁም።
አርባ ሁለት ከረጢት ቆጥሬ ተረክቤ፣
አሸዋውን ነፍቼ፣ ጠጠሩን አጥቤ፣
እንደ አራስ ጠበቅሁት እርጥብ ጆንያ ደርቤ።

ስድስት ክረምት ቆመ።
በሰባተኛው በጋ እግሩ ላይ ነጭ ወጣ፣
እንደ ለምጽ ተሳበ፣ እስከ ጉልበቱ መጣ።
በጥፍሬ ብነካው እንደ በሶ ረገፈ፣
ብረቱ አገጠጠ፣ ቆዳው ተገፈፈ።

ያኔ ወሬ ገባ።
«ይርሳው ሃያውን አፍስሶ፣ ሃያ ሁለቱን ሸጦ፣
ቤቱን አለበሰ ድልድዩን አራቁጦ።»
ምንይችል እንኳ፣ አብሮኝ ያቦካው፣
«እኔ አልቆጠርሁም» አለ ዳኛ ሲጠይቀው።
አማቴ ደምለው ዓይኑን ከኔ አሸሸ፣
የማኅበሩ ጽዋ እኔጋ ሳይደርስ መሸ።
ማል አሉኝ፣ ማልሁኝ።
መሐላ ኖራ አይደል፣ ስንጥቅ አይደፍንም፤
ዓይን ያየውን ገመና አፍ አይሸፍንም።

ከባሕር ዳር መጣች ትብለጥ የምትባል፣
ሰውን ሳትጠይቅ፣ «እስኪ ውሃው ምን ይላል?»
ብላ ተንበረከከች።
በቀጭን ብርጭቆ ቀዳች ከጅረቱ፣
ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣ ጠበል ነው ጥራቱ፤
ከትንሽ ጠርሙሷ ጠብ ስታደርግበት፣
ወተት መሰለ ውሃው፣ ጉም ወረደበት።

«ይኸውልህ ሌባው።
ዳገቱ ጄሶ ነው፤ ዝናቡ ያሟሟዋል፣
ሰልፌት ተሸክሞ ጅረቱ ያመጣዋል፤
በሲሚንቶው ሆድ ውስጥ አሉሚኔት አለ፣
ሰልፌት እሱን ሲያገኝ መርፌ አበቀለ፤
መርፌው እያደገ፣ ከውስጥ እየገፋ፣
ጎኑን ተረተረው፣ ነጩን አስተፋ።»

ለካ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣
ድልድዩን ከስሜ ጋር አንድ ላይ የወሰደው።

በዓመቱ ሌላ ከረጢት ከፋብሪካ መጣ፣
መልኩ ጠቆር ያለ፣ ሲቦካ የማይቆጣ።
«ምን ጨመሩበት?» አልሁ።
«ቀነሱለት» አለች።
«አሉሚኔቱ ጥቂት፣ እፍኝ የማይሞላ፤
ሰልፌት ቢመጣ እንኳ ምን ይዞ ይበላ?
ግን እንዳታቀጥነው፤ ውሃ ከበዛ ሊጥህ፣
ይኸኛውም ይበላል፣ አይተርፍም ስምህ።»
«ሁሉን ይችላል ወይ?» «አይ፣ አሲድ አይችልም፤
ሁሉን የቻለ ሰው፣ ሲሚንቶም የለም።»

ዘገምተኛ ነበር፤ ለመጠንከር አይቸኩል፤
ሃያ ስምንት ጀምበር ውሃ ሳጠጣው፣ ስከልል፣
ምንይችል መጣና፣ ምንም ሳይናገር፣
ባልዲውን ተቀበለኝ።

አሁን ዘጠኝ ክረምት።
ደምለው በሬዎቹን ይነዳበታል፤
ስለዚያ ነገር ግን እስከ ዛሬ ዝም ይላል።
ባለፈው ማኅበር ብቻ፣ ጽዋውን ሲያዞር፣
ከኔ ጀመረ።

በየበጋው ወርጄ በመዶሻ ስነካው፣
ድምፁ መረዋ ነው፣ ከሆዱ የሚወጣው።
ነጩ ዛሬም አለ፣ እግሩ ስር ያደረ፤
በጥፍሬ ብፍቀው ጥፍሬ ተሰበረ።