ሠላሳ ስምንተኛው ሰም

ቤር ሼቫ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ሲወረድ፣
ውጭ የአሸዋ ነፋስ፣ ውስጥ የማሽን ብርድ፣
ሰባ አንድ ሕፃናት መሳቢያ ውስጥ አሉ፣
ስማቸው ተሰርዞ ቁጥር የሚባሉ።
እነሱ ራሳቸው አይደሉም በእርግጥ፤
ከኩላሊታቸው ካበጠው ዕጢ ውስጥ
ተቆርጣ የቀረች፣ ጥፍር የምታህል ሥጋ፣
በሰም ተከድና ክረምት ከበጋ።

ሥራዬ መላጥ ነው፤ ከፀጉር አሳስቼ፣
ሰሙን አቅልጬ፣ ቀለም ነክሬ አውጥቼ፣
ያ ፕሮቲን ካለበት ቡናማ ይወጣል፤
ከሌለ ሰማያዊው እንዳለ ይቀራል።
ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይታያል ይላሉ፤
እዚህ ግን ወርቅ ሲበዛ ሐኪሞች ዝም ይላሉ።

ዶክተር ሐጊት ጎንበስ ብላ በማጉያው ታያለች፣
ቡናማ ነጥቦችን ከመቶ ትቆጥራለች።
ማን እንደዳነና ማን እንደተቀበረ
የሚናገር ፖስታ ከላይ ቢሮ አለ፣ እንደታሸገ የቀረ፣
ቆጠራው እስኪያልቅ።

ከእኛ ዘንድ ይባላል፦ ልብ ያመላለሰውን
እሱ ነው የሚያውቀው፣ ኩላሊት ያጤሰውን።
ሐጊትም በዕብራይስጥ ይህንኑ ታውቃለች፤
«ኩላሊት መርማሪ» ብላ ትስቃለች፣
ራሷን በጣቷ እያሳየች።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሠላሳ ስምንት ደረሰ።
ቀለሙን ጠጣና ቡናማ ለበሰ፣
ከዳር እስከ ዳር።
ሐጊት ቀና አለችና፣ «ይኼ ልጅ የለም» አለች፣
በቀስታ።

መዝገቡን አየሁት፤ ስም የለም፣ ቀን አለ፦
ሴት፣ አራት ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት የዋለ።
እጄን ሰደድኩት በጋዎኔ ሥር፣
ከእምብርት እስከ ጎድን ወደተሰፋው መስመር።

ያኔ አስተርጓሚ አልነበረም።
ሐኪሙ አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ ሰባቱን አጠፈ፤
ለአባቴ ሌላ ቃል ከአፉ አልተረፈ።
አባቴ የሦስት ቀን ቀጠሮ መሰለው፤
በሦስተኛው ቀን ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ፣
አዲስ ጫማ ይዞልኝ፣
«ልጄን ልውሰድ» ብሎ።

ጫማው ሰፍቶኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልክ ሆነ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሐጊት። «አቧራ ነው» አልኩ፤
በቀረችኝ አንዲት ኩላሊት ነገሩን አጤስኩ።
ቁጥሩ አልዋሸም፤ ደግሜ ቆጠርኩት፣
ዘጠና ሁለት ከመቶ፣ በቅጹ ላይ ጻፍኩት።
ከሥሩም ፈረምኩ፣ ደንቡ እንደሚለው፦
ትርንጎ እንዳለው።

ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝን ከመሳቢያው አወጣሁ፣
ሰሙ ገና ያልቀለጠው።