ገመዱን አጥፋው

ፊልሙ የደረሰኝ በዛገ ቆርቆሮ፣
«ሞጣ፣ ሰኔ» ተብሎ በእርሳስ ተሞነጫጭሮ።
ክዳኑን ስከፍተው እንደ ኮምጣጤ ሸተተ፣
አርባ ዓመት ከቁም ሣጥን ሥር ተኝቶ የሻገተ።

ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መብራት ባለበት ሰዓት
ስካነሩ ላይ ዘረጋሁት፤
ሁለት ደቂቃ ናት።

ዓባይ ከታች ደፍርሶ፣
ሰባራው ድልድይ መሃሉን አጥቶ፣
ከወዲህ ጎጃም፣ ከወዲያ በጌምድር፣
በሁለቱ መሃል አንድ ገመድ፣
ገመዱ ላይ አንድ ሰው፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣
ወገቡ ታስሮ፣ እግሩ አየር እየረገጠ።
ከወዲህኛው ጫፍ ስድስት ጎረምሶች ይስባሉ።
አፋቸው ይከፈታል፤ ፊልሙ ድምፅ የለውም፤
«ሆ!» እንደሚሉ ግን ከደረታቸው ይታወቃል።

ጋሽ ልየው በስልክ፦
«ሰውዬው ጻድቅ ነው በታሪኩ፤
ዓባይን በጸሎት ነው የሚሻገር።
ያኔ ኮምፒዩተር የለ፤ የነበረኝ ገመድ ነበር።
ገመዱን አጥፋው። ሳቢዎቹንም።
ጋቢውን ትንሽ ነፋስ ስጠው፣
ብርሃንም ጨምር፣ ግን አታብዛው።»

አጠፋሁ።
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ምስል፣
ከልጅ ራስ ቅማል እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ብዬ
ገመድ ለቀምኩ፣ ሰማይ ጠገንኩ፤
ስድስቱን በድንጋይና በሣር ሸፈንኩ።
የሠራሁት ሣር ግን ከመጠን በላይ ጠራ፣
ውሸት መሆኑ ከሩቅ አበራ።
የፊልሙ ይርመሰመሳል፣ ፍሬ ፍሬ ይላል፤
የኔ እንደ ታጠበ ሳህን ያብለጨልጫል።
እንደ አባቴ ጤፍ መዝራት ጀመርኩ፤
ከእፍኜ እየቆነጠርኩ ብናኝ በሰማዩ በተንኩ፤
አቧራም፣ ጭረትም፣ አንዲት ፀጉርም ጨምሬ፣
ለውሸቴ አርባ ዓመት ዕድሜ አበድሬ።

በሦስተኛው ሳምንት አየሁ፦
ገመዱ ሄዶ ጥላው ውሃው ላይ ቀርቷል።
እሱንም አጠፋሁ።

ሞጣ፣ የወረዳው አዳራሽ፣ አቡጀዲ ተወጥሮ።
ጻድቁ በባዶ ሰማይ መጣ፣ ጋቢው እየተንሳፈፈ።
እልልታ። አንዲት ሴት አማተበች።
ከኋላ ወንበር አያ ቢምረው ተነሣ፤
«ማነው ታዲያ የሳበው?»

ተሳቀ። «ፊልም እኮ ነው አባባ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም።
«ያን ቀን ነፋስ ነበር። መሃል ሲደርስ ገመዱ አፈተለከ።
ወርቄ ለቀቀ። አንለይ እንኳ፣ ስሙን ይዞ፣ ለቀቀ።
እኔ…»
መዳፉን ወደ ፕሮጀክተሩ ብርሃን ዘረጋ፣
ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የተገመደ ጠባሳ።
የእጁ ጥላ አቡጀዲው ላይ ወደቀ፣
ከጻድቁ እግር ሥር፤
አፍታ ያህል ሰውዬው መዳፉ ላይ ቆመ።

ሌሊቱን ፋይሉን ከፈትኩ።
ለጋሽ ልየው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።
አንዷን ምስል እንደ ነበረች መለስኳት፣
ገመዱን፣ ስድስቱን፣ የተከፈተ አፋቸውን።
ከሃያ አራቱ አንዷን፣ አንድ ጊዜ ብቻ።
ዓይን አይይዛትም።
ቢምረው ይዟታል።