መጋረጃ ዘግቼ

ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ላይ፣ ወደቡ ሳይነቃ፣
ማንቂያ ሰዓት የለኝም፣ እነሣለሁ በቃ።
ሻይ በወተት፣ ሁለት ብስኩት፣ ሦስተኛው አይቈጠርም፤
ከዚያ ወንበሬ፤ እስከ ቀትር ከሰው ጋር አልነጋገርም።

አንድ ሺሕ ቃል ነው ሕጌ።
አንዳንድ ቀን ቃላት እንደ በግ መንጋ በሩ ላይ ይጋፋሉ፤
አንዳንድ ቀን እንደ ባለዕዳ፣ "ቤት የሉም" አስብለው ይቀራሉ።

የዘንድሮው ሰውዬ በግ ሸላች ነው፤ ሦስቴ ስም ቀየርኩለት፤
ሰፊ ትከሻ፣ ጥቂት ዝምታ፣ የሞተ ወንድም ጨመርኩለት።
ሴቲቱ የከብት ሐኪም፤ ቦቲዋ ከጭቃው የማይለይ፤
እስከ ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ "መሳሳም የሚባል እንዳላይ!"

አርባ ሦስት መጽሐፍ ጻፍኩ፣ ሰማንያ ስድስት ሰው ዳርኩ፤
ራሴን ግን አንዴ ብቻ፤ ረቂቁንም አላረምኩ።
ዱጋል (የእሱን ስም አልቀይርም) ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሄደ፤
ከአንዲት ጀልባ ሻጭ ጋራ ወደ ሰሜን ነጎደ።
ዝናብ አልጣለም፤ ጣቢያ ድረስ የሮጠ የለም፤
እኔ ልብስ እያሰጣሁ፤ አንዳችንም "ቆይ" አላለም።

ከቀትር በኋላ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ ስልኬን ትቼ።
ጀንበር ስትጠልቅ ፔንግዊኖቹ በቡድን ከውሃ ይወጣሉ፤
ቱሪስቶች "ፍቅር!" ይላሉ፤ እነሱ ዓሣ ይሸታሉ።
ለድመቷ ዓሣ፣ ለእኔ ሎሚ፣ አንድ ቴምብር ገዝቼ
ስመለስ ሣሎኑ ነዷል።
እዚህ ኦማሩ ገና የሚመጣው በበጋ ነው፤ አስፋልቱ ቀልጧል፤
የሰው ልጅ ሁሉ ራቁቱን ከማዕበል ጋር ይላፋል።

እኔ መጋረጃ እዘጋለሁ፣
ማራገቢያውን ወደ ጉልበቴ አዞራለሁ፣
የሱፍ ብርድ ልብስ (አዎ፣ በዚህ ንዳድ) እደርባለሁ፤
ከዚያ በረዶው ይጀምራል።

ፊልሙ ሁሌም ያው ነው። ከተሜዋ ቀይ ካፖርት ለብሳ ትመጣለች፣
የሻንጣዋ ጎማ ይወልቃል፤ የአባቷን ዳቦ ቤት ልትሸጥ ትቸኩላለች።
በሰባተኛው ደቂቃ ማን እንደሚያገባት ዐውቃለሁ፤
ባለ ሹራቡ ነው። ምንጊዜም ባለ ሹራቡ ነው። ሻዬን እጠጣለሁ።
በረዶው አረፋ መሆኑን፣ ከጣሪያ የሚነፋውም ሰው
በጠራራ ፀሐይ መሆኑን፣ ላብ እያጠመቀው፣
ዐውቃለሁ። ቢሆንም የአደባባዩ ዛፍ ሲበራ
ጉሮሮዬ ይታነቃል፤ ዕንባዬ ይወርዳል በየተራ።

እኅቴ ሞይራ ትስቃለች፦ "ሙያሽ አይደለም ወይ?
ዳቦ ጋጋሪ ያለቅሳል ዳቦ ሲያይ?"
አያለቅስም። ግን ሞይራ፣
ዳቦ ጋጋሪም ይርበዋል።

ባለፈው ዓርብ፣ ከንፈር ለከንፈር አንድ ጣት ሲቀረው፣
መብራት ድርግም! የመንደሩን ማቀዝቀዣ ሁሉ ዝም አሰኘው።
የጎረቤት ልጅ ንጋይሬ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አጠገቤ ተጣጥፋ፣
"መጋረጃውን ልክፈት?" አለች።
"ተይው፣ በረዶው ቀልጦ እንዳይጠፋ።"
"እሺ፣ ጸሐፊ አይደለሽ? አንቺ ጨርሺልኝ።"

አርባ ሦስት መጨረሻ የሚያውቀው አፌ ከዳኝ፤
ዳቦ ቤቱን ሸጠው። ልጅቷን ባቡር አሳፈራት።
ባለ ሹራቡ እጁን ኪሱ ከትቶ ከሩቅ አያት፤
ማግስቱን ሊጥ አቦካ። በማግስቱም ማግስት።
"አዘነ?" አለችኝ።
"ትንሽ። ከዚያ ድመት አሳደገ።"
አሰበችበት፤ ሦስተኛውን ብስኩቴን አነሣች፣
"ጥሩ ነው። የድመቷ ስም ማነው?" ብላ ጠየቀች።

ሳልመልስላት መብራት መጣ፤
ተሳሳሙ፤ ደወል ተደወለ፤ አረፋው ከሰማይ ወረደ፤
ሁለታችንም አጨበጨብን፤ ውጪ ፀሐዩ ነደደ።

ነገ ዐሥራ አንድ ላይ በግ ሸላቹ ይጠብቀኛል፤
ዘንድሮስ ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ላይ ቢስማት ማን ምን ይለኛል?
ከዚያ ወዲያ ላለው ገጽ ሁሉ
ምን እንደምጽፍ ግን እንጃ።
ምናልባት ልብስ ያሰጡ ይሆናል።