ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

አልዋሽም፤ ለፊርማ ነው ደንገጎ የወጣሁት፣
ለሠላሳ ሰዓት ማኅተም ነው አካፋ የጨበጥሁት።
ከከዚራ ጎሕ ሳይቀድ በአይሱዙ ተጭኜ፣
ሆዴን በአንድ ቀዝቃዛ ሳምቡሳ ለምኜ።

የችግኝ ጣቢያው ጠለሃ «አንቱ» አያውቅም አፉ፤
ዲኑም ዘበኛውም «አንተ» ናቸው በፊቱ ሲያልፉ።
«አቦ፣ ላስቲኩን ቅደደው! ሥሩ ይታሰር ወይ?
አንተስ በጫማህ ተኝተህ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?»

በሦስተኛው ሳምንት «ውጣ» አለኝ፣ «የጸደቀውን ቆጥረህ ጻፍ»።
ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ሩቅ ነበር የዳገቱ ጫፍ፤
ከግራር ጥላ ቁጭ ብዬ ስልኬን እየጎረጎርሁ፣
«አራት መቶ» ብዬ ጻፍሁ። ሙሉ ቁጥር። ደስ አለኝ። ፈረምሁ።

ወረቀቱን አየ ጠለሃ። አልጮኸም፤ እሱ ነው የከፋ።
«አራት መቶ? አንድም አልሞተ? አቦ፣ ይኼ ዛፍ ነው ወይስ ተስፋ?
ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ሰምተህ ታውቃለህ ድምፁን?
በወረቀት የቆመ ዛፍ አይመልስም እሱን።
ውሃ ማንበብ አይችልም።»

እርሳሱን ሰጠኝ። ወጣሁ።

ጉድጓድ በጉድጓድ አጎንብሼ፣ ቅጠል እየዳሰስሁ፣
የደረቀ ሲመስለኝ ልጡን በጥፍሬ እየፋቅሁ፤
(ከሥሩ አረንጓዴ ካለ ሞተ አይባልም፤ ይህንንም
ሙራድ ነው ያሳየኝ፣ ያ ፈተና የሚወድቀው፤ መምህሩ አይደለም።)

ታች ኢፍራህ፣ ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ወንበሯ ሥር የምትሰምጥ፣
ከባለፍየሏ ሴትዮ ጋር ድንጋይ ላይ ሆና ስታዳምጥ፤
በኦሮምኛ ትንሽ፣ በሶማልኛ ትንሽ፣ ብዙውን ግን በዝምታ፣
ችግኞቼን የጨረሰችው ፍየል እዚያው ጠግባ ተኝታ።

በማግስቱ ሴትዮዋ ራሷ እሾህ ተሸክማ ስታጥር ዋለች።
«ምን ብለሻት ነው?» አልናት። ኢፍራህ «ሰማኋት» ብቻ አለች።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ጻፍሁት፣ ወገቤን እያመመኝ።
ጠለሃ ሁለቴ አነበበው። «እንዲህ በለኝ» አለኝ።

ማኅተሙ? አለ የሆነ ቦታ፣ ከድሮ ደብተር መሃል።
ዛሬ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ሲሚንቶ እቆጥራለሁ፣
የጎደለውን ከረጢት «ጎድሏል» ብዬ እጽፋለሁ፤
አለቃዬን አንዳንዴ ቅር ይለዋል።

ቅዳሜ ሲሆን ያው አይሱዙ ከከዚራ ይነሳል።
ፊርማ አያስፈልገኝም አሁን።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ናቸው፤
አንዷን በጋው ወስዷታል።